የሳቢያን ባለባጃጆች ቅድመ ምርጫ

ለውድ ወንድሜ ለይትባረክ፣

እንዴት ከርመሃል ወንድምዬ? ያ ሲነሳብህ የነበረው የወገብ ሕመም ለቀቀህ ወይ? ሶፊስ ደህና ናት? የጋራዡ ሥራስ እንዴት ይዞሃል? የጁባ ሙቀት ከእኛ ይብሳል ብለህ በስልክ ስትምል እማዬ "የድሬ ልጅ በሙቀት ተማረረ" እያለች በጎረቤት ፊት ታፍርብሃለች። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ኅዳር ገብቶ ማታ ማታ ትንሽ ነፋስ መጥቶልናል። ሙቀቱንም፣ ትንኙንም፣ የአባባንም ምርጫ በሰላም አሳልፈናል።

ይህን በስልክ እንዳልነግርህ ቤታችንን ታውቀዋለህ፤ እኔ ጓዳ ሆኜ ሳንሾካሹክ አባባ ሳሎን ሆኖ ይመልስልኛል። ጎረቤታችን ጉሌድ ወደ ጁባ ሲመጣ እንዲይዝልኝ ብዬ ነው በወረቀት የጻፍኩት። አደራህን፣ ለአባባ ነገረችኝ እንዳትል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማው የባጃጅ ባለንብረቶች ማኅበር አዲስ ፕሬዚዳንት ሊመርጥ ነው። ዘንድሮ ደንቡ ተቀየረና እያንዳንዱ ሰፈር መጀመሪያ የራሱን ሰዎች አወዳድሮ አንድ ዕጩ ይለይ፣ ከዚያ የየሰፈሩ አሸናፊዎች ለፕሬዚዳንትነቱ ይፎካከሩ ተባለ። ዋርፋ፣ ያ ባጃጁ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ዜና የሚያዳምጠው፣ "አሜሪካኖችም በየግዛታቸው እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ ከባላጋራ በፊት ከወዳጅ ጋር ይጣላሉ" ብሎ አስረዳን። የእኛ ሰፈር፣ የሳቢያን ቅርንጫፍ አርባ አንድ አባል አለው። ከአርባ አንዱ ሁለት ሰው ተጠቆመ። አንዱ ከጡረታ ወዲህ ባጃጁን ሲነዳ የከረመው የእኛው አባባ ነው። ሌላው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አደር ዐብዲከሪም!

አዎ፣ ያው ባለሱቁ፤ እሱም ባጃጅ ገዝቶ አባል ሆኗል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሰዓት ከሰዓት እኛ ቤት ፍራሽ ላይ ከአባባ ጋር ጫቱን ሲቅም የኖረው፣ "በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፣ አደር በሉኝ" እያለ ያሳደገን። ሲጠቆሙ ሁለቱም "ለእሱ ይሁን፣ ለእሱ ይሁን" ብለው ሦስት ጊዜ ተግደረደሩ። በአራተኛው ግን ሁለቱም ዝም አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አደር እኛ ቤት መምጣቱን ተወና የጫት በርጫውን በሱቁ ጓሮ አደረገ። አባባ ደግሞ የምድር ባቡር ኮቱን ከሳጥን አውጥቶ አስተኮሰ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንደዚያ በጠዋት ተላጭቶ አይቼው አላውቅም። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ደግሞም ፈራሁ። ቢሸነፍ ከኮቱ ጋር ራሱንም ሳጥን ውስጥ የሚከት መሰለኝ፤ ቢያሸንፍ ደግሞ ያለ አደር ዐብዲከሪም ከሰዓቱን እንዴት ይገፋዋል?

ውጤቱን አስቀድሜ ባውቀው አባባን ቀስ እያልኩ አዘጋጀዋለሁ ብዬ አሰብኩ። አራት ዓመት ስታትስቲክስ ተምሬ ዲግሪዬ ግድግዳ ላይ አቧራ ከሚጠጣ፣ የመራጩን አስተያየት ልሰብስብ ብዬ ደብተር ይዤ ተነሳሁ። ሰው ተሰብስቦ የሚገኘው ከሰዓት ስለሆነ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሬ በየበርጫው ዞርኩ። ወይ መወደድ! ከአርባው ሰው ሠላሳ ስምንቱ "አባትሽን ነዋ!" አለኝ። አንዱ ለአባባ ሐውልት እናሠራለን አለ። ሌላው ሳቢያንን ከጅቡቲ ጋር በባጃጅ የሚያገናኝ መስመር ዘርግቶ አባባን ሥራ አስኪያጅ አደረገው። እኔም ዘጠና አምስት በመቶ ብዬ ጽፌ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት።

በማግስቱ የአደርን ልጅ ዓኒሳን የምትሠራበት ፋርማሲ በር ላይ አገኘኋት። አባቶቻችን ቢኳረፉም እኛ አልተኳረፍንም። ለካ እሷም ደብተር ይዛ ስትዞር ኖሯል! በእሷ ደብተር ሠላሳ ሰባት ሰው አባቷን መርጧል። ደመርነው፤ አርባ አንድ አባል ያለው ቅርንጫፍ ሰባ አምስት ድምፅ ሰጥቷል። ዓኒሳ ሳቋ እያፈናት "ዲናዬ፣ አቦ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የጠየቅሽው?" አለችኝ። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ አልኳት። "እኔም! ወላሂ ሁለታችንም የጫቱን ምርቃና ነው የጠየቅነው። የመረቀነ ሰው እንኳን ድምፁን ባጃጁን ይሰጥሻል" አለች። ድሬ ተወልጄ ድሬ አድጌ ይህን መርሳቴ እስካሁን ያሳፍረኛል።

አብረን እንደገና ጀመርን። አሁን ግን በጠዋት፣ ሻያቸውን ሳይጨርሱ፣ ተራ ይዘው በተሰለፉበት ሄድን። "አንተ ማንን ትመርጣለህ?" ማለቱንም ተውነው፤ ፊት ለፊት ተጠይቆ "አባትሽን አልመርጥም" የሚል ሰው ሳቢያን ውስጥ ገና አልተወለደም። ይልቅስ "ጓደኛህ ማንን የሚመርጥ ይመስልሃል?" አልናቸው። ስለ ራሱ ሲሆን ምላሱ የሚተሳሰርበት ሁሉ ስለ ሰው ሲሆን እንዴት አንደበቱ ተፈታ መሰለህ! "ዓብዱልአዚዝ? ሲስቅልሽ አትመኚው፣ የዐብዲከሪም ሚስት የአክስቱ ልጅ ናት።" "ያኛው ደግሞ አባትሽን ነው፣ ከዐብዲከሪም ሱቅ ልጅ ጋር በኳስ ተጣልቷል።" በሦስት ጠዋት አርባውንም አጣራን። ሃያ ለአባባ፣ ሃያ ለአደር። የቀረው የአባባ የራሱ ድምፅ ነው። ስለ እሱ ዋርፋን ብጠይቀው "ስለ አባትሽ ስለ ሣህሉማ ምን ትጠይቂኛለሽ!" ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ስቄ ለአባባ አንድ ጨመርኩ። ሃያ አንድ ለሃያ። ዓኒሳ ደብተሯን አጥፋ "እንኳን ደስ ያላችሁ" አለችኝ።

ምርጫው እሑድ ኅዳር ሰባት በቀበሌው አዳራሽ ሆነ። ሁሉም የሚመርጠውን ሰው ስም በብጣሽ ወረቀት እየጻፈ ካርቶን ውስጥ ከተተ። የማኅበሩ ጸሐፊ ዒብራሂም አንድ በአንድ እያወጣ ጮክ ብሎ አነበበ። ሃያ ለሃያ ደረሱና አንድ ወረቀት ቀረ። ዓኒሳ እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘችኝ። ዒብራሂም ወረቀቱን ገልጦ "ክቡር አቶ ዐብዲከሪም" ብሎ አነበበ።

ሌላው ሰው ሁሉ "ዐብዲ"፣ "ባለሱቁ" ብሎ ነው የጻፈው። "ክቡር አቶ" ብሎ፣ የባቡር መነሻና መድረሻ ሲመዘግብበት በኖረው በዚያ ቀጥ ያለ ፊደል የሚጽፍ ሰው ሳቢያን ውስጥ አንድ ብቻ ነው። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አባባን አየው። አባባም ኮቱን ቆልፎ ተነሳና አጨበጨበ።

ተናደድኩ። ቤት እስክንደርስ አላናገርኩትም። እማዬማ "ሠላሳ አምስት ዓመት አብሬው ስበላ የመጨረሻዋን ጉርሻ ለራሱ ወስዶ አያውቅም፤ ድምፁን ለራሱ ይሰጣል ብለሽ ነው?" ብላ ሳቀችብኝ። ሰኞ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አደር ዐብዲከሪም ጫቱን በብብቱ ይዞ ገባ። ሰላምታም ሳይሰጥ ፍራሹ ላይ ተቀመጠና "ሣህሉ፣ ወላሂ እኔ የራሴን ስም ነው የጻፍኩት። እንዳይታወቅብኝ ስምንት ቦታ አጣጥፌ ነው የከተትኩት" አለ። አባባ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። አደርም መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠራረገ። አሁን ለከተማው ውድድር ንግግሩን የሚጽፍለት አባባ ነው።

የእኔ ንዴት ግን ገና አልበረደም ነበር። "አባባ፣ ሦስት ጠዋት ሙሉ ለፍቼ፣ ሁሉን ሰው ጠይቄ፣ በአንተ በአንድ ድምፅ!" አልኩት። አባባ ቀና ብሎ አየኝ። "አርባውን ሰው ጠየቅሽ ልጄ" አለ። "እኔን ግን መች ጠየቅሽኝ?"

በቁጣ አይደለም፣ እየሳቀ ነው ያለው። ግን ይትባረክ፣ ያ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀረ። ሳስበው አባባን ምን ጠይቄው አውቃለሁ? በልተሃል ወይ፣ የግፊት መድኃኒትህን ወስደሃል ወይ፣ ከዚያ ሌላ የለም። አንተም ስትደውል "ሰላም ነው? በል እማዬን አቅርብልኝ" ነው የምትለው። አትቀየመኝ፣ እኔም ከአንተ አልሻልም።

ስለዚህ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ሶፊ ስድስት ወሯን መያዟን ነግረኸናል። ለሚወለደው ልጅ ስም አውጥታችሁ ከሆነ ለማንም አትናገሩ። ደብዳቤው እንደደረሰህ ደውልና "አባባ፣ የልጄን ስም ማን ልበለው?" ብለህ ጠይቀው። ወዲያው አይመልስልህም። ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ መስመሩ የተቋረጠ ይመስልሃል። አትዝጋው፤ ጠብቀው።

እማዬ ጉንጭህን ሳመችህ፣ ለሶፊም "ከባድ ነገር እንዳታነሺ" ብላለች። አደር ዐብዲከሪም "ዕጩ መሆኔን ለጁባ ሰው ሁሉ ንገር" ብሎሃል። ዓኒሳም ሰላም ትልሃለች። አባባ ደብዳቤ መጻፌን ባያውቅም ሰላምታው በየቀኑ ነው። ሶፊን ሳምልኝ፣ አንተም ወገብህን ጠብቅ።

እህትህ ዲና ሣህሉ
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.