ሴና አስፋልቱን ተሻገረች

ልጄ ገዲሴ፣ ያለሽበትን አገር ሰላም ያድርግልሽ፣ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። እኛ ደህና ነን፤ የጓሮው ጎመን ዘንድሮ ለጎረቤትም ተርፏል።

እስካሁን የደበቅሁሽ ነገር ነበር። ኅዳር ላይ የልጅሽ አስተማሪ ጠርታኝ፣ "ሴና ሃያ ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ቀርታለች" አለችኝ። በየጠዋቱ ዩኒፎርሟን ለብሳ ትወጣ ነበር እኮ። በማግስቱ ተከትያት ስሄድ፣ ለቡ መብራት ኃይል አስፋልቱ ዳር፣ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ተቀምጣ አገኘኋት።

"እምዬ፣ ጓደኛዬን እዚህ ጋ መኪና ሲገጫት አይቻለሁ። እግሬ እምቢ አለኝ" አለችኝ።

ጓደኛዋ ድና ትምህርቷን ቀጥላለች፤ ሴናን ግን ፍርሃቱ አልለቀቃትም። አልተቆጣኋትም። ይህን የሚያመኝን ጉልበት ይዤ ሦስት ወር ሙሉ እጇን ይዤ አሻገርኳት። እኔም ከእሷ ብሼ እደነግጥ ነበር፤ አላሳየኋትም። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልቀረችም።

ትናንት "አንቺ እዚሁ ቁሚ" አለችኝና ግራ ቀኙን አይታ ብቻዋን ተሻገረች። ከማዶ እጇን ስታወዛውዝልኝ፣ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እያየኝ እልልታዬን አቀለጥኩት።

እሑድ ስትደውዪ ስለ መቅረቷ አታንሺባት። እንዴት እንደተሻገረች ጠይቂያትና እስክትጨርስ ስሚያት፤ ረጅም ነው የምታወራው። እመ ብርሃን በሄድሽበት ሁሉ ከፊትሽ ትቅደም፣ ዓይንሽን ለማየት ታብቃኝ።

እናትሽ ፀሐይወርቅ