ማዙ የሳቀችበት ጥያቄ

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የደሴታችን ንፋስ ጀመረ ወይ? ዓይንሽን ግን አልጠይቅሽም፤ «ደህና ነው» ብለሽ ትዋሺኛለሻ! ስለ ሕክምናው ባነሳሁ ቁጥር ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስለምትዘጊው ነው ወረቀት ያነሳሁት። አንተም ወንድሜ ጂን-ፋ፣ ስታነብላት አንዲት ቃል እንዳትዘል፤ አውቅሃለሁ! እኔ ተመስገን ደህና ነኝ።

እማዬ፣ ደስታዬን አልቻልኩትም፤ የዛሬውን ልንገርሽ። ጠዋት እዚህ ሰፈራችን ያለው የባሕር ጠባቂ አምላካችን የማዙ ቤተ መቅደስ ደጃፍ፣ ዋርካው ሥር፣ እንደ ወትሮዬ የሩዝ አጥሚቴን ልጠጣ ሄድኩ። ሻጯ እትዬ ቻይ-ዩን ምላሷ ስለት ነው። «ምነው ፊትሽን ጣልሽው? አጥሚቴ መረረሽ?» አለችኝ። የዓይን ሞራሽን የምትገፈፊበት ቀጠሮ ይዤልሽ ሳለ፣ አንቺ ማዙን ልትጠይቂ ሁለቱን የዕጣ እንጨቶች ብትጥያቸው ሁለቱም በጀርባቸው ወድቀው ሆዳቸውን እንዳሳዩሽ፣ «ሳቀችብኝ፣ አልሄድም» ብለሽ እንዳስቸገርሽኝ ነገርኳት።

ጭልፋዋን አስቀመጠች። «ሳቀች እንጂ መች እምቢ አለች? ለመሆኑ እናትሽ ምን ብላ ነው የጠየቀቻት?»

ወዲያው ለጂን-ፋ ደወልኩ። አጠገብሽ ቆሞ ሰምቶሽ ኖሯል፦ «እናታችን ማዙ፣ ታይፔ ሄጄ ዓይኔን ልታከም ወይ? የተሰጣውን ዓሣስ ለምራቴ ጥዬላት ልሂድ ወይ?» ብለሽ አንዴ ወረወርሽ አለኝ። እትዬ ቻይ-ዩን ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «ኧረ ጉድ! በአንድ ውርወራ ሁለት ጥያቄ! ዓይኗን እሺ፣ ዓሣውን እምቢ ብትልስ እንጨቱ እንዴት ብሎ ይውደቅ? ማዙ ትሳቅ እንጂ ምን ታድርግ!»

ስልሳ ዓመት ሙሉ ማዙን ስትለምኚ የኖርሽ ሴት ይህን ትስቺ እማዬ? ፈርተሽ ነው። ቢላዋ ዓይኔን ይነካል ብለሽ ፈርተሽ ነው ያምታታሽ። ደግሞ የምራትሽን ሐሜት ማዙ ጆሮ ድረስ ማድረስሽ!

እኔም ቤተ መቅደሱ ገባሁና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁ፦ «እናቴ ለጨረቃ በዓል ዓይኗ ድኖ ታየኛለች ወይ?» አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው ወደቀ፤ እሺ አለች። ደገምኩ፣ እሺ። ሠለስኩ፣ እሺ! ሦስቱንም በተከታታይ! እልል ብል የቤተ መቅደሱ ጠባቂ «ቀስ በይ ልጄ፣ ሎተሪ ወጣልሽ እንዴ?» አሉኝ።

እንግዲህ ማረፊያሽን ስሚ። እኔ ቤት አምስት ፎቅ ደረጃ ነውና ለጉልበትሽ አይሆንም። ከጨርቃ ጨርቅ ገበያው ጀርባ ምድር ቤት ያለው ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አግኝቻለሁ፤ ባለቤቷ የኛው ደሴት የፔንግሁ ልጅ ናት፣ መስኮቷ ላይ ዓሣ ታደርቃለች፣ በዓሣው ሽታ ብቻ ቤቱን ታገኚዋለሽ። አጠገብሽ እተኛለሁ። ጠዋት አጥሚት ከተጠበሰ ሥጋ ጋር፤ እትዬ ቻይ-ዩን የማይወዛወዘውን በርጩማ ይዤላታለሁ ብላለች። ከዚያ ቤይቶው ፍል ውሃ ጉልበትሽን እንዘፈዝፋለን። ዳንሹይ ወርደንም ፀሐይ ባሕር ውስጥ ስትገባ እናያለን። «ባሕር ለማየት ታይፔ ድረስ?» እንደምትይ አውቃለሁ፤ ግን የኛን ባሕር ካየሽው ስንት ዓመትሽ? «ሁሉም አመድ ሆነብኝ» ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ገበያው ውስጥም ሰማያዊ ጨርቅ ራስሽ ትመርጫለሽ።

ከሁሉ በፊት ግን የማስጎበኝሽ ሌላ ነገር አለ። ለአዲስ ዓመት ስመጣ በሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ «ማን ነሽ?» ብለሽኝ ነበር። ሳቅሁልሽ፤ ኋላ ጓሮ ዞሬ አለቀስኩ። ፋሻው ሲነሳልሽ መጀመሪያ የምታዪው የኔን ፊት ነው። ሸብቻለሁ፣ እንዳትደነግጪ።

ቀጠሮው በዚሁ ወር፣ ጨረቃ በዘጠኝ ነው። ጂን-ፋ፣ ጀልባ ድረስ ሳይሆን ታይፔ ድረስ አምጣት። ምራትሽን ሩይ-ዚን ሳሚልኝ፤ ዓሣውን ከአንቺ አሳምራ ታገላብጠዋለች፣ አትቆጪ። ልጆቹን ጉንጫቸውን ቆንጥጪልኝ። ለማዙም ብርቱካን አቅርቢና ሰላም በያት፤ የግድ መጠየቅ ካማረሽ ግን፣ እማዬ፣ አንድ ብቻ ጠይቂያት።

ልጅሽ ሜይ-ሉዋን
ታይፔ፣ ዳዳኦቼንግ
በስምንተኛው ወር፣ ጨረቃ በሁለት