የሙሽራዋ እናት ሽብሽብ

እታለም፣

ላፕቶፑን ስትከፍቺ መጀመሪያ የሚመጣው ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተሩ ሲስተም ነው፤ አትሳደቢ። የፎቶ ማሳመሪያ ፕሮግራምሽ ያለው ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ነው፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ባለው ሌላ ኮምፒውተር። አንዴ ክፈቺውና ታገሺ። ስትደበድቢው ነው ስታክ የሚያደርገው፤ ስንቴ ልንገርሽ?

ትናንት ስታክ አድርጎ አገኘሁትና ሰኞ ወደነበረበት መለስኩት። ተነሳ።

ከሰኞ ወዲህ የሠራሽው ግን አብሮ ጠፋ። ሦስት ቀን ሙሉ ከሙሽራዋ እናት ፊት ላይ ያጠፋሽው ሽብሽብ አንድም ሳይቀር ተመልሷል።

ያልተነኩት ፎቶዎች ደህና ናቸው፤ ከቨርቹዋል ማሽኑ ውጭ ነው ያስቀመጥኳቸው። አመስግኚኝ አላልኩም።

ሳልጠይቅሽ መነካካቴ... በቃ፣ ታውቂያለሽ።

እንዳትናደጂ ብዬ እናትና ልጅ ጎን ለጎን የቆሙበትን ፎቶ ጠዋት ራሴ ሠራሁት። እጄ ትንሽ በዛ መሰለኝ፤ እናትየው የልጇ ታናሽ መስላለች።

እናትየው ደግሞ መጥታ አየችው። አለቀሰች፣ ሳመችኝ፣ በትልቁ እጠቡልኝ አለች፣ ማንም እንዳይነካው ብላ አስምላኝ ሄደች።

ሙሽራዋ አሥር ሰዓት ላይ ትመጣለች። አንቺ አነጋግሪያት፤ ለደንበኛ ሲሆን አፍሽ ማር ነው።

እኔ ወጥቻለሁ።