ሁለተኛው ምት

ማክሰኞ፣ መጋቢት 13 ቀን 2003 ዓ.ም.

ሁለት ሰዓት ላይ የመኪና መለዋወጫ ሱቃችንን ከፈትኩ። ሶማሌ ተራ እንደ ወትሮው… ጡሩምባ፣ ተሸካሚ፣ «ዞር በል!»። እስከ ምሳ ድረስ የሸጥኩት አንድ የኋላ መብራትና ሁለት የሞተር ቺንጋ ብቻ።

ከሰዓት አንድ ሹፌር መጣ። ማሙሸት ይባላል። በፒካፕ አፋር የሚመላለስ ሰው ነው፤ ሎጊያ፣ ዱብቲ። ኤሲው ሲነሳ ትንሽ ያቀዘቅዝና ወዲያው ትኩስ አየር ይተፋል አለ። የኤሲው ኮምፕረሰር እንደ ወፍጮ ያጓራል። መካኒኩ «ቀይረው» ብሎታል። «እዚያ አገር ያለ ኤሲ መንዳት ራስን መቀቀል ነው፣ እህቴ» ብሎ ሳቀ። ጨዋ ሰው።

ወንድሜ ጁነዲን ከጓሮ አንድ አውጥቶ ሰጠው። «ከዱባይ የገባ ነው። ንጹህ።»

ያ ኮምፕረሰር… እሁድ ዕለት በቤንዚን ሲያጥበውና ብርማ ቀለም ሲረጨው አይቻለሁ። በብረት መያዣው ሞርሳ አስሮ በፒንሳ እየታገለ ነበር የሚያዞረው። ውስጡ ደርቋል። ዘይት ሲያንቆረቁርበት ትንሽ ለቀቀ። በቃ፣ ይኼው ነው «ንጹህ» የተባለው።

ደረሰኙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «የአንድ ወር ዋስትና» ብዬ ፈረምኩበት። ለምን ዝም አልኩ?

ሐሙስ፣ መጋቢት 15

ቁርስ ላይ ጠየቅኩት። «ያ ኮምፕረሰር ደርቆ አልነበረም እንዴ?» ብቻ ነው ያልኩት። የሻዩን ብርጭቆ ወረወረው። ግድግዳው ላይ ተበተነ። ቀጥሎ በጥፊ… ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል። «አባዬ ሲሞት ይሄን ቤት የያዝኩት እኔ ነኝ! አንቺ ጻፊ ስትባይ ጻፊ!»

እማዬ ስባሪውን ለቀመች። «ምን ነካክተሽው ነው?» አለች። እኔን ነው የምትለው። ሁልጊዜ እኔን።

አባዬ ከሞተ ሁለት ዓመት። ሦስት ሆነን አንድ ቤት እንኖራለን፤ የሚጮኸው አንድ ሰው ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 20

ከሹፌሩ ምንም ወሬ የለም። ምናልባት ሠርቶለት ይሆናል። ያ ረቢ፣ ሠርቶለት ይሁን።

ሰኞ፣ መጋቢት 26

ደወለ። ድምፁን አላወቅኩትም… ሻክሯል።

ቅዳሜ ሚሌን እንዳለፉ ኮምፕረሰሩ ድርቅ ብሎ ቀረ። የቺንጋው መዘውር፣ ፑሌጃው፣ አልዞር ሲል ቺንጋው ተበጠሰ። የውሃ ፓምፑን የሚያዞረውም ያው ቺንጋ ነው፤ ሞተሩ አፈላ። ሚስቱ የሺ አብራው ነበረች። ጥላ የለ። መኪና አያልፍ። የያዙት ውሃ አለቀ። እሷ ራሷን ስትስት ተደናገጠ። ሞተሩን ቶሎ አብርዶ ሊሄድ ብሎ የራዲያተሩን ክዳን ከፈተ። የፈላው ውሃ ግራ እጁንና ደረቱን ላጠው። ማታ ላይ አንድ የጭነት መኪና ደርሶ አነሳቸው።

«የኔ እህት፣ ቀለም ቀብታችሁ ነው የሸጣችሁልኝ?» አለኝ።

መልስ ሳልሰጠው ጁነዲን ስልኩን ከእጄ ነጠቀ። «መንዳት ሳትችል እኛ ላይ ትጮኻለህ? ደግመህ ብትደውል እግርህን ነው የምሰብረው!» ዘጋው። ስልኬንም ኪሱ ከተተው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 29

ተራ በተራ ልጻፈው። ነገ ሌላ ነገር አየሁ እንድል ያደርጉኛል።

አምስት ሰዓት ገደማ ነበር። ማሙሸት ብቻውን መጣ። ግራ እጁ እስከ ትከሻው በፋሻ ተጠቅልሏል። ኮምፕረሰሩን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ መጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። ደረሰኙን አሳየኝ።

«ያንቺ ጽሕፈት ነው?»

«የኔ ነው።»

ጁነዲን ከጓሮ ብቅ አለ። ማሙሸት በመኪናው ቁልፍ ቀለሙን ፋቀው። ከሥሩ ዝገት። «እስቲ በእጅህ አዙረው። አዙረው!»

«ከሱቄ ውጣ።»

«ሚስቴ ልትሞትብኝ ነበር!»

«ታዲያ ሞተች?» አለው። ሳቀም።

ያኔ ማሙሸት የባንኮኒውን መስታወት በቡጢ ሰበረው። ይሄ እውነት ነው፤ ሰብሮታል። ከዚያ ወዲያ ግን አልተንቀሳቀሰም። የደማ ጣቱን እያየ ቆመ።

ጁነዲን ኮምፕረሰሩን በሁለት እጁ አንስቶ የተቃጠለው የማሙሸት እጅ ላይ አሳረፈው። ሰው እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ባንኮኒው ሥር ወደቀ። ደህናውን እጁን ዘርግቶ «በቃ፣ በቃኝ» አለ። በቃኝ ነው ያለው! ጁነዲን ከፍ አድርጎ ፊቱ ላይ ደገመው። የመንጋጋው ድምፅ…

ሸሚዙን ይዤ ጎተትኩ። በክርኑ ደረቴን አለኝ። ሦስተኛውን ሊያወርድ ሲል ጎረቤቶች ደርሰው ያዙት።

የመጀመሪያውን መንገድ ላይ የነበረ ሁሉ አይቷል። ሁለተኛውን ግን ባንኮኒው ከለለው። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ማሙሸትን በታክሲ ወሰዱት። ጁነዲንን ፖሊስ ወሰደው። ወለሉን እኔ አጠብኩ። ጥርስ አገኘሁ።

ዓርብ፣ መጋቢት 30

አጎታችን ሐጂ ሰላሁዲን አንዋር መስጊድ ጁምዓ ሰግዶ በቀጥታ ቤት መጣ። ረጋ ብሎ ነው የሚያወራው። ይሄ ነው የሚያስፈራው።

«ሐጀራ፣ ሰውዬው ካቻቢቴ ይዞ ገባ። መስታወት ሰበረ። ወንድምሽ ራሱን ተከላከለ። አንቺ ይሄን ብቻ ነው የምትይው።»

«ካቻቢቴ እኮ አልያዘም፣ አጎቴ።»

«ይዟል። ካቻቢቴው ፖሊስ ጋ ነው ያለው።»

«ማን ሰጣቸው?»

መቁጠሪያውን ማሽከርከር ጀመረ። ከሱቃችን መደርደሪያ ላይ ነው ያነሱት… ምን ይጠየቃል?

እማዬ እግሬ ላይ ወደቀች። «ከሱ ሌላ ወንድ የለንም። ታስሮ ቢቀር ማን አለን?»

እኔስ? ከጠዋት እስከ ማታ ሱቅ የምቆመው ማን ነው? ይሄን አላልኩም። በልቤ ነው።

እሁድ፣ ሚያዝያ 2

በዋስ ወጣ። እማዬ እልል ብላ ተቀበለችው። ጫማውን እንኳን ሳያወልቅ ፀጉሬን ጠቅልሎ ይዞ ግድግዳ ላይ አስደገፈኝ። «ምን ይዞ ነበር?»

«ካቻቢቴ።»

«ድገሚው።»

ሦስት ጊዜ አስባለኝ። በሦስተኛው ጭንቅላቴን ከግድግዳው ጋር አጋጭቶ ለቀቀኝ። ከዚያ ምሳውን በላ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 5

ገበያ፣ በርበሬ በረንዳ ደርሼ ልምጣ ብዬ ወጣሁ። ሆስፒታል ሄድኩ።

የሺ አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች። ቀጭን፣ ከንፈሯ ገና የተሰነጣጠቀ። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ብድግ አለችና በጥፊ አጮለችኝ። የክፍሉ ሰው ሁሉ ዞረ። ብትደግመኝ ይሻለኝ ነበር… አልደገመችም። ቁጭ ብላ አለቀሰች። «ምን ልታዪ መጣሽ? ዓይኑን ነው? አንደኛው እኮ ጠፋ።»

ይቅርታ ብል ምን ይሠራል?

መንጋጋው በሽቦ ታስሯል፤ መናገር አይችልም። ወረቀት እንድሰጠው በእጁ ምልክት አሳየኝ። ፊደሉ እየተንጋደደ ጻፈ፦ «መስታወቱን ሰብሬያለሁ። ካቻቢቴ አልያዝኩም። አንቺ እዚያ ነበርሽ።»

ስለ ራሱ ጥፋት አስቀድሞ ጻፈ። እንደዚያ ሆኖ ተኝቶ… መስታወቱን አስቀደመ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 8

ብናገር ይገድለኛል። ባልናገርስ?

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 13

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ቀኙ ጄሶ ውስጥ ነው።

ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። መርማሪዋ ሴት ናት። ሁሉንም ተናገርኩ። ቀለሙን። የፈረምኩትን ደረሰኝ። ማሙሸት መስታወት መስበሩን። «በቃኝ» ማለቱን። ሁለተኛውን ምት።

«ካቻቢቴው የማን ነው?»

«የኛ ነው። ከሱቃችን ነው የተወሰደው።»

«እህቱ ነሽ አይደል?»

«አዎ። የእናቱም የአባቱም ልጅ።»

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ትንሽ አየችኝ። «የምትሄጂበት ሌላ ቤት አለሽ?» አለችኝ። የለኝም አልኳት። የስልክ ቁጥሯን ጻፈችልኝ። ቢሆንም ስልኬ ያለው ጁነዲን ኪስ ውስጥ ነው…

ቤት ስደርስ ሰምቷል። ማን እንደነገረው አላውቅም። በሩን ከውስጥ ቀረቀረው። መጀመሪያ በቡጢ። አፌ ደም ሞላ። ወደቅኩ፤ በእርግጫ። «ወንድምሽን ለሹፌር?» እያለ። ከዚያ በርጩማውን አነሳ። ፊቴን በክንዴ ስጋርድ ክንዴ ቀጭ አለ። እማዬ «ተው፣ ልጄ፣ ተው» እያለች መሃል ገባች። አላቆመም። በርጩማው ግንባሯ ላይ አረፈ።

እሱም ደነገጠ መሰለኝ። እማዬ ግንባሯን በእጇ ነካች፤ ደሙን አየችው። ከዚያ ሄዳ በሩን ከፈተችና ጮኸች። «ጎረቤት! ድረሱልኝ! ልጄ ሊገድለን ነው!»

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ገባ። አራት ሆነው ነው የያዙት። አንዱን ነክሶታል። እየጎተቱ ለፖሊስ ሰጡት። እስከ መንገዱ ድረስ ስሜን እየጠራ ይሳደብ ነበር።

እኔ ሁለት ጥርስና አንድ ክንድ። እማዬ ስድስት ስፌት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 4

ሱቅ ከፍቻለሁ። የምሠራው በአንድ እጅ ነው። ጠዋት ስመጣ በሩ ላይ በጥቁር ቀለም «ወንድሟን የበላች» ተጽፎ አገኘሁ። ከሰዓት ድንጋይ መጣ፤ መደርደሪያው ላይ የነበሩ የመኪና መብራቶች ተሰበሩ። ማን እንደወረወረው አላየሁም። ሁሉም አይቷል፤ ማንም አይናገርም። ሐጂ ሰላሁዲን በበሩ ሲያልፍ ፊቱን አዞረ።

እማዬ አታናግረኝም። አብረን እንበላለን፤ «ጨው አቀብይኝ» ነው ሙሉ ወሬያችን። አልፈርድባትም። የጮኸችው እኮ እሷ ናት… ምናልባት ራሷንም ነው የማታናግረው።

ከሱቁ ጓሮ ቀለም የተቀቡ ሦስት ኮምፕረሰሮች ነበሩ። ምን አለሽ ተራ ወስጄ በብረት ዋጋ ሰጠኋቸው። ቀጥቃጩ እፊቴ በመዶሻ ፈነካከታቸው። ቆሜ አየሁ። ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቱም አስፈራኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 9

ፈረዱበት። አምስት ዓመት። ማሙሸት ፍርድ ቤት መጥቶ ነበር፤ ግራ ዓይኑ ላይ ጨርቅ አለ። መንጋጋው ጠሟል፣ ሲናገር ምራቁ ይወርዳል። የሺ በመሐረብ ትጠርግለታለች። ከአፋሩ ሥራ ተሰናብቷል። በአንድ ዓይን ማን ያሠራዋል? ሲወጡ የሺ አጠገቤ ቆም አለች። ትከሻዬን ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ።

እሁድ፣ ሰኔ 19

እማዬ ጠዋት ምሳ ዕቃውን ቋጥራ በሩ ላይ ቆመች። «ትመጫለሽ?» አለች። ከሁለት ወር በላይ እንደዚህ ጠይቃኝ አታውቅም። ጫማዬን አደረግኩ።

እስር ቤቱ ጠያቂና ታሳሪ በሽቦ አጥር ተለያይቶ የሚጮህበት ቦታ ነው። ጁነዲን ከስቷል፤ ፀጉሩን ላጭተውታል። እማዬን አናገራት፤ እኔን እንዳላየ ሆነ። ቆይቶ ዞረ።

«ሱቁን ማን ይዞታል?»

«እኔ።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም።»

ፊቱ ተለዋወጠ። የማውቀው ፊት። ሽቦው መሃላችን መኖሩን ረስቶ ቀኝ እጁን ወደ ላይ አነሳ። ወደ ኋላ አልሄድኩም። እዚያው ቆምኩ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ።

ከጎኔ ድምፅ ሰማሁ። ጩኸት አይደለም፤ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ቀስ ያለ ድምፅ።

«እጅህን አውርድ» አለችው እማዬ።

አወረደው።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ይቺን ቃል ከእናቴ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።