እስከ ግማሽ የወረደው መዝጊያ

ለቡ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሮበሌ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ ልጀምር ስል፣ ጎኔ የተቀመጠችው እናትህ ቀና ብላ አየችኝና እጄ ተያዘ። እኛ አለን። እናትህን ገላኔን ጉልበቷን ያማታል። እኔ ያው እንደምታውቀኝ ነኝ፤ ስኳሩም አለ፣ ግትርነቱም አለ።

የላፍቶው መንገዳችን ፈረሰ ልጄ። አያትህ ጤፍ ይዘሩበት የነበረው፣ እኔ ከእርሻ ወጥቼ ምስማርና ቀለም የሸጥኩበት፣ አንተ ብይ የተጫወትክበት መንገድ ለልማት ተነሳ። የእትዬ ከድጃ ጨርቃጨርቅ ቤትም፣ የከበበው ፀጉር ቤትም የለም። ከበበው "ና አንተ ጎፈሬ!" እያለ ጎትቶ የሚያስቀምጥህን ወንበር ፍርስራሽ ላይ ተጥሎ አየሁት።

የሰፈሩን ሥርዓት መቼም አትረሳውም። ከመካከላችን ሰው ሲሞት፣ ለቀስተኛው ከቀብር እስኪመለስ ባለሱቅ ሁሉ የብረት መዝጊያውን እስከ ግማሽ ያወርዳል። አያትህ የሞቱ ጊዜ የእኛን ያወረድከው አንተ ነህ፤ ቁመትህ አልደርስ ብሎ ወንበር ላይ ወጥተህ።

አብሮህ የሄደው የከድጃ ልጅ ሃምዛ፣ ከባሕሩ ማዶ ደውሎ "ጀልባው ተገለበጠ፣ ሮበሌን አላገኘነውም" ሲለኝ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ጎረቤት መዝጊያ ላውርድ ብሎ ሲመጣም ጮህኩ። "አላገኘነውም ማለትና ሞተ ማለት አንድ ነው እንዴ?" አልኳቸው። እናትህን ጥቁሯን አስወለቅኳት። ለቅሶም አልተቀመጥንም። ይኸው ሁለት ዓመት ጓዳ ገብታ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ታለቅሳለች። እኔም እየሰማሁ እንዳልሰማ እሆናለሁ።

ሊፈርስ አንድ ቀን ሲቀረው ከድጃ ሱቅ ድረስ መጣች።

"ጋሽ ቀጄላ፣ ከነገ ወዲያ መዝጊያ የለንም። የትም ነው የምንበተነው። ገላኔ ከማን ጋር ታልቅስ?"

"ያንቺ ተርፎልሽ የኔን ልትቀብሪ መጣሽ?" አልኳት። እንዲህ ያለ ክፉ ቃል ከአፌ ወጣ። እንባዋን ጠርጋ ሄደች።

በማግስቱ እስካቫተሩ ከሀና ማርያም በኩል እያጓራ ሲመጣ፣ የመንገዱ ሱቅ ሁሉ መዝጊያው እስከ ግማሽ ወርዷል። የእኔ ብቻ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እናትህ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ወይ እኔ! እጄን ሰቅዬ መዝጊያውን ሳብኩት። ዝጎ ኖሮ እምቢ ቢለኝ ከበበው አገዘኝ። እናትህ "ሮቤ! ሮቤ ልጄ!" ብላ ስትጮህ ከድጃ ሮጣ አቀፈቻት። ተቃቅፈው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሰፈሩ ሁሉ አብሯቸው አለቀሰ። የእስካቫተሩ ሹፌር እንኳ ሞተሩን አጠፋ።

ሙሉ በሙሉ ግን አልዘጋሁትም። አንተ ጎንበስ ብትል ያስገባህ ነበር።

አሁን ለቡ ቤት ተከራይተናል። እዚህ የሚያውቀን ሰው የለም። ድንገት ብትመጣ መንገዱ ይጠፋሃል ብዬ ለሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ስልኬን ሰጥቻለሁ፤ ቁጥሬ ያው የድሮው ነው። ደብዳቤውን ለሃምዛ እልከዋለሁ። ይቅር ይበለኝና፣ ባሕሩ ዳር ወርዶ ያንብብልህ።

እመቤቴ ባለህበት ትጠብቅህ ብዬ ልጨርስ ስል እናትህ ብዕሩን ያዘችብኝ። "ነፍሱን ይማር ብለህ ጻፍ" አለችኝ። ሁለቱንም ጽፌልሃለሁ።

ባለህበት ትጠብቅህ። ነፍስህን ይማር።

አባትህ ቀጄላ