ጀብሪል በር ላይ ያቆምኩት ቤት

ለውዷ እህቴ ለሀጀራ፦ አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። እንደምን አለሽልኝ እትዬ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ሙሐሲንስ አዲሱ ሥራ ተስማማው? ሀያት ቁርአኗን የት አደረሰች? የጅዳ ሙቀት እንዳይጎዳችሁ ሁሌም ዱዓ አደርጋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከንዴት በቀር ምንም የለብኝም።

ወንድማችን ጀብሪል ያደረገኝን ታውቂያለሽ። ከሪያድ ታምሜ ስመለስ፣ በአባታችን ቤት ቦታ የለም ብሎ በኅዳር ውርጭ ከነሻንጣዬ ከበር መለሰኝ። እማዬ ጓዳ ሆና ስታስል ይሰማኝ ነበር። ያን ቀን ሳላሳፍረው ላልቀር ማልኩ። ያለኝን አሟጥጬ አሮጌ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ገዛሁና መካነ ሰላም ላለው በያጅ ለባህሩ ሰጠሁት። ወንበሩን ነቃቅሎ፣ ግድግዳውንም ጣሪያውንም ወለሉንም በስፖንጅ ሞልቶ፣ ላዩን የበግ ጠጉር ባና አልብሶ በኮምፖርሳቶ ጣውላ ለበጠልኝ። መስኮቱ ድርብ መስታወት ነው። ጭስ ማውጫ ያላት ትንሽ የብረት ምድጃ አለችኝ። ጃኬትና ብርድ ልብስ እየቸረቸርኩ ከማሻ እስከ ኩታበር እዞርበታለሁ። አቀስታ ላይ የጀሪካን ውሃ በረዶ ሲሠራ እኔ ውስጥ በስስ ቀሚስ ነው የምቀመጠው።

ገበያ በሌለ ቀን ግን የማቆመው ጀብሪል በር ፊት ለፊት ነው። አላፊ አግዳሚው እህቱ እኮ መኪና ውስጥ ነው የምታድረው ሲል ይስማ ብዬ። ሰማም፣ አንገበገበውም። ምን እደብቅሻለሁ፣ ደስ አለኝ።

ከትናንት ወዲያ የልጁ የበዛች ሠርግ ነበር። የሙሽራው ሽማግሌዎች ዳስ ውስጥ በብርድ ሲንቀጠቀጡ፣ ጀብሪል ሆዬ ሀፍረቱን ሊሸፍን፣ ይህ መኪና የኔ ነው፣ ለእንግዳ ብዬ ያሠራሁት ነው፣ ግቡና ተሟሟቁ አላቸው። እኔ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ስድስት ጥምጥም ሲገባ አየሁ። ወተት አሞቅኩላቸው። ትልቁ፣ ሼህ ፋሩቅ፣ አንቺስ ለቤቱ ምኑ ነሽ ልጄ ብለው ጠየቁኝ። እህቱ ነኝ፣ የምኖረውም እዚሁ ነው አልኳቸው። የቀረውንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

ዳስ ተመልሰው ምግብ ሲቀርብላቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። ከእህትህ ካላስታረቅንህ ማዕድህን አንነካም አሉት። ወጉን ታውቂዋለሽ፤ ሽማግሌ ሳይቀምስ ከተነሳ ሠርጉ ፈረሰ ማለት ነው። ጀብሪል በሰው ሁሉ ፊት የቤቱን ቁልፍ ይዞ መጣ። በዚያ ብርድ ላቡ ይንቆረቆር ነበር። ቤቱን ያዘው፣ እናቴን ስጠኝ አልኩት። ሰጠኝ። ሽማግሌዎቹም በሉ። እኔ እማዬን ደግፌ አሳፈርኩና የልጅ ልጇን ሠርግ ሳትጨርስ፣ ሠርገኛው እያየ ይዣት ሄድኩ።

አሁን የቸገረችኝ እማዬ ናት። አቀስታ ከገባን ሁለተኛ ቀናችን ነው፤ ሙቀቱ ተስማምቷት ሳሏ ቆሞላታል፣ እህል ግን አልቀመሰችም። ከሽማግሌዎቹ አይታ ነው መሰል፣ ጀብሪልን አውፍ ብለሽ ይቅር ካላልሽው አልበላም ብላኛለች። እሱም ከዚሁ ሆድ ነው የወጣው ትላለች።

እናም እትዬ፣ ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ አውፍ ብዬዋለሁ እላታለሁ፣ ትብላልኝ። አንቺ ግን ምስክሬ ነሽ፣ የምለው በአፌ ብቻ ነው። እሷ በሕይወት እስካለች ድረስ ክፉ ቃል አይወጣኝም፣ በሩም ላይ አልቆምም። ከዚያ ወዲያ ግን እንተያያለን። አላህ ዕድሜዋን ያርዝመው፣ ለእሷም ለጀብሪልም ሲል።

ሙሐሲንን ሰላም በይልኝ። ሀያትን ጉንጯን ሳሚልኝ። እማዬ አጠገቤ ጋደም ብላ ሁላችሁንም ሰላም ትላለች፤ ከጀብሪልም ሰላምታ ጨምሪበት ብላኛለች። የእሱን አልጻፍኩትም።

እህትሽ ኡምኩልሱም
አቀስታ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.