የኦስቲያው ቫይረስ

ሮም፣ ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎት እትዬ ደስታ፣

ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? ይህን በስልክ ያልነገርኩዎት ልጄ ሄራን ከጎኔ ስለማትጠፋ ነው። ለእረፍት የምትመጣ ጎረቤቴ ታደርስልዎታለች፤ ብቻዎን ሆነው ያንብቡት።

ጳጉሜ ሦስት፣ ለሩፋኤል፣ ጠብታ ዝናብ ጠፋ። ታዲያ በዓሉ ሳንጠመቅ ይለፍ? የደብራችን ሴቶች ተሰብስበን ኦስቲያ ባህር ወርደን ተጠመቅን። ማዕበሉ ሄራን አናት ላይ ወጥቶ አንድ ጣሳ ሙሉ ውሃ አስዋጣት። እኔ በሳቅ ሞትኩ!

በሳምንቱ ማስመለስ ጀመረች። ባሏ አሸብር ስልኩን ሲያገላብጥ ውሎ፣ «ይኸው! የባህር ውሃ የዋጠ ሰው የሆድ ቫይረስ ሊይዘው ይችላል ይላል! ማን ተጠመቁ አላችሁ?» ብሎ ጮኸብን። የበሩን እጀታ በበረኪና ያሻል፣ ሶፋ ላይ ይተኛል፣ የኔን ብርጭቆ ሳይቀር ለየ። አብራን ባህር ለወረደችው አብረኸት ደውሎ «ሆዳችሁን አላመማችሁም?» ቢላት፣ «እኛማ ስምንታችንም እንደ ድንጋይ ነን» አለችው።

እዚህ ላይ ጠረጠርኩ። አሎራ፣ «እንግዲህ» እንደሚሉት ጣሊያኖቹ፣ ስምንት ሴት ትቶ አንዷን ብቻ የሚመርጥ ምን ዓይነት ቫይረስ ነው? ደግሞ የሆድ ቫይረስ ቢበዛ ሳምንት ነው፤ ይሄ ወር ሞላው! ጠዋት ያጣድፋታል፤ ከሰዓት ሎሚ እንደ ብርቱካን ትልጣለች። ሽንኩርት ሳቁላላ ወደ በረንዳ ትሸሻለች።

ሁለት ጊዜ የሆነብንን ያውቃሉ። ሁለቱንም ጊዜ ቀድሜ እልል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱም በሦስተኛው ወር ወረደባት። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ። እኔ፣ እየሩስ!

ብቻ አንድ ቀን፣ «ሥራ ቦታ የምትጦሪያትን አሮጊት ከአልጋ አታንሻት፤ ለቫይረስ ጥሩ አይደለም» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «እሺ እማ» አለች። እትዬ፣ ሄራን ያለ ክርክር እሺ ስትል ሰምተው ያውቃሉ?

ትናንት «ለቫይረሱ ነው» ብለው ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ጥርጣሬዬ አላስቀምጥ ቢለኝ ተከተልኳቸው። አሸብር ክሊኒኩ በር ላይ ብቻውን ቆሟል፤ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ያለቅሳል፣ መልሶ ይስቃል። ሲያየኝ ክው አለ።

«ቫይረስ ነው እማማ!» አለኝ እንባውን እየጠረገ። «ደህና ነው ብለዋል… ቫይረስ ነው!»

«እሺ ልጄ» አልኩት። «ቫይረስ ነው።»

እትዬ፣ ለሩፋኤል ጧፍ ያብሩልኝ። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ሮም ያለች ልጄን ቫይረስ ይዟት ነው ይበሉ። ደግሞ አደራ፣ እልል እንዳይሉ! እኔም እልልታዬን እስከ ግንቦት ጉሮሮዬ ላይ ይዤዋለሁ።

ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ለመሳም ያብቃዎት።

ታናሽ እህትዎ እየሩስ